የሜዲካል ኮዲንጉ ኮርስ፦ የግሉኮሱ ምዕራፍ ብቻውን ያዋጣል፣ የዶላሩን ወሬ ግን ተዉት

ሰሞኑን ሰው ሁሉ «ያ የሜዲካል ቢሊንግና ኮዲንግ ኮርስ እንዴት ነው፣ ልክፈል ወይስ ይቅርብኝ» እያለ ስለሚጠይቀኝ አንዴ በደንብ ጽፌው ልገላገል ብየ ነው። ረዘም ይላል፣ ቡና እስኪፈላ አንብቡት። የማሰልጠኛውን ስም አልጠራም፣ የማማርርበት ነገር ስላለ ስም ጠርቶ መካሰስ ውስጥ መግባት አልፈልግም፣ እንዲህ አይነቱ ኮርስ ደግሞ አሁን በቴሌግራም እንደ አሸን ስለፈላ የምለው ለሁሉም ይሰራል።

እኔ ደብረ ማርቆስ ነው ያለሁት፣ ነርስ ነኝ። ስምንት ዓመት ድንገተኛና አልጋ ክፍል እየተፈራረቅሁ ሰርቻለሁ፣ ስንት ባግ ፍሉድ (ሰው ሁሉ ግሉኮስ የሚለውን) እንደሰቀልኩ ቁጥሩን ፈጣሪ ይወቀው። ኮርሱን የጀመርኩት እንደማንኛችሁም በማስታወቂያው ተስቤ ነው፣ «ከቤትዎ ሳይወጡ ለአሜሪካ ሆስፒታሎች በዶላር ይስሩ» ይላል። ዘጠኝ ሺ ብር በሁለት ጊዜ ክፍያ፣ ሦስት ወር፣ በሳምንት ሦስት ቀን ማታ ከ2 ሰዓት ጀምሮ በዙም፣ ያመለጠው ቪዲዮው ቴሌግራም ላይ ይለቀቅለታል። በአማርኛ ነው የሚያስተምሩት፣ ይኸ ትልቅ ነገር ነው፣ እንግሊዝኛውን ብቻየን ላንብበው ብል ሁለተኛው ገጽ ላይ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር።

የመጀመሪያውን ወር ባጭሩ ልለፈው። ምርመራውን ማለትም የበሽታውን ኮድ በአይሲዲ 10፣ የተሰራለትን ነገር በሲፒቲ፣ መድሃኒቱን ደግሞ በሂክፒክስ ትጽፋላችሁ፣ ኮደር ቻርቱን፣ የታካሚውን መዝገብ ማለት ነው፣ አንብቦ ወደ ቁጥር ይመልሳል ቢለር ደግሞ ያንን ይዞ ኢንሹራንሱን ክፈል ይላል። በቃ። ይኸን ለማስረዳት አራት ሳምንት አይፈጅም ነበር፣ አስተማሪው ግማሹን ሰዓት ስለ አሜሪካ ኑሮ ሲያወራን ነው ያለፈው።

ዋናው ጉድ የመጣው ስለ ፍሉድና ስለ አይቪ (በደም ስር የሚገባ) መድሃኒት አሰጣጥ የሚያወራው ምዕራፍ ላይ ነው። እዚህ ላይ እኔ ይኸንማ አውቀዋለሁ ብየ ደረቴን ነፍቼ ነበር የገባሁት፣ እንደወጣሁ ግን ስምንት ዓመት ሙሉ ምን ስሰራ ነበር አልኩ። አሜሪካኖቹ የሚከፍሉት ለባጓ ብቻ አይደለም እኮ፣ ለሰዓቱ ነው። ባግዋ ስንት ሰዓት ተሰቀለች፣ ስንት ሰዓት አለቀች። እኛ የተሰቀለችበትን እንጽፋለን (ካስታወስን)፣ ያለቀችበትን ግን ማን ይጽፈዋል? የምር ጠይቁ፣ የጎጃም ነርስ ሁሉ ይመስክር። አስታማሚው «ሲስተር ግሉኮሱ አልቋል» ብሎ ይጠራናል፣ እንነቅላለን፣ ወደሚቀጥለው አልጋ እንሄዳለን።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው። ፍሉድ ብቻ ከሆነ፣ ማለት ኖርማል ሳላይን ወይ በፋብሪካ ተዘጋጅቶ የመጣ ፖታሲየም ያለበት ፍሉድ፣ ሰውየው ውኃ ስላለቀበት የተሰጠ ከሆነ የመጀመሪያው ሰዓት ኮድ 96360 ነው፣ ግን ቢያንስ 31 ደቂቃ መሄድ አለበት። 30 ደቂቃ ከሄደ ምንም የለውም፣ ዜሮ፣ አንድ ደቂቃ አጎደለ ተብሎ ነው እንግዲህ። ከዚያ በኋላ ላለው ተጨማሪ ሰዓት 96361 ይሰጠዋል፣ እሱም ትርፉ ከ30 ደቂቃ ሲበልጥ ነው። ስለዚህ 90 ደቂቃ የሄደ ፍሉድ ያው የአንድ ሰዓቱን ብቻ ያገኛል፣ 91 ደቂቃ የሄደ ግን ሁለቱንም። በአንዲት ደቂቃ! እኔ ደግሞ ማታ ዲውቲ ላይ ሆኜ ባጉን ከነቀልኩ በኋላ ስንት ጊዜ ነው ሰዓቱን በግምት «ያው አንድ ሰዓት ተኩል» ብየ የምጽፈው።

መድሃኒት ከሆነ ሌላ ነው። በድሪፕ፣ ማለት ከባግ ጠብ ጠብ እያለ በደም ስር የሚሄድ መድሃኒት 96365 ነው የመጀመሪያው ሰዓት፣ ለተጨማሪው 96366፣ ከሱ ቀጥሎ ሌላ አዲስ መድሃኒት በዚያው ላይን (ደም ስር ላይ በተከፈተው መስመር) ከሄደ 96367፣ ጎን ለጎን እኩል ከሄደ ደግሞ 96368 ነው፣ ይቺ አንዴ ብቻ ነው የምትጻፈው። በመርፌ ቀስ እያልሽ የምትገፊው፣ ፑሽ የምንለው፣ 96374 ነው፣ ሌላ አዲስ መድሃኒት ሲደገም 96375። ጡንቻ ላይ ወይም ከቆዳ ስር የሚወጋው 96372። እና አሁን እዚህ ጋ ያለችውን ወጥመድ አድምጡ፦ ድሪፕ ብለሽ የሰቀልሽው መድሃኒት በ15 ደቂቃ ወይ ከዚያ ባነሰ ካለቀ ድሪፕ አይባልም፣ ፑሽ ነው የሚቆጠረው። 16 ደቂቃ ሲሞላ ነው ድሪፕ የሚሆነው። ወዲያው የታወሰኝ ሴፍትሪአክሶን የምትባለዋን አንቲባዮቲክ በ100 ሚሊ ሳላይን በጥብጠን ሮለሩን (ፍጥነቱን የምንቆጣጠርበትን) ሙሉ ለሙሉ ከፍተን «ቶሎ ትውረድ ወረፋ አለ» የምንላት ነች። ያቺ በአሜሪካ ሂሳብ ድሪፕ አትሆንም።

ደግሞ ያቺ መበጥበጫ የሆነችው 100 ሚሊ ሳላይን የፍሉድ ሂሳብ የላትም፣ መድሃኒቱን የምትሸከም ናት እንጅ በሽተኛውን ለማጠጣት አልገባችም። ላይኑ እንዳይዘጋ ተብሎ ጠብ ጠብ የሚል ፍሉድም አይቆጠርም። መድሃኒት በድሪፕ እየሄደ እኩል የሚሄድ ፍሉድም አይቆጠርም። ካኑላ (ደም ስር ውስጥ የምትቀመጠዋን ቀጭን ቱቦ) ማስገባት፣ ላይኑን ማጠብ፣ መስመሩ ራሱ፣ ሲሪንጁ፣ ሁሉም በዋናው ኮድ ውስጥ ተጠቃልሏል፣ ለብቻ ገንዘብ አይጠየቅበትም። ይቺን የመጨረሻዋን ያዙልኝ፣ ወደኋላ እመለስባታለሁ።

አስተማሪው በጣም ጎበዝ የሆነው «የመጀመሪያ» የምትለዋን ቃል ሲያስረዳ ነው። እኛ የመጀመሪያ ስንል በሰዓት ቀድሞ የተሰጠው ይመስለናል። አይደለም። በአንድ ቀን ቆይታ በአንድ ላይን «የመጀመሪያ» የሚባለው አንድ ኮድ ብቻ ነው፣ የትኛው ይሁን የሚለው ደግሞ የሚወሰነው በደረጃ ነው። ሆስፒታል ከሆነ ኬሞ (የካንሰር መድሃኒት) ከሁሉ በላይ ነው፣ ከሱ ቀጥሎ ሌላ መድሃኒት፣ ፍሉድ መጨረሻ። በዚያው ውስጥ ደግሞ ድሪፕ ከፑሽ ይበልጣል፣ ፑሽ ጡንቻ ላይ ከሚወጋው ይበልጣል። ልክ እንደ ድግስ አቀማመጥ ነው፣ ቀድሞ የመጣ ሳይሆን ትልቁ ነው ላይ የሚቀመጠው ብሎ አስረዳን፣ ከዚያ በኋላ አልረሳሁትም። የግል ሐኪም ቢሮ ከሆነ ግን ያ ደረጃ አይሰራም፣ ሰውየው በዋናነት የመጣበት ጉዳይ ነው የመጀመሪያ የሚሆነው።

አንድ ምሳሌ ሰጥቶን መቶ ሰው ካለበት ግሩፕ ሁለት ሰው ነው የመለሰው (አንዷ እኔ አይደለሁም)። ሴትዮዋ ስታስመልስ አድራ ድንገተኛ ክፍል መጣች። 9፡55 ላይ ኦንዳንሴትሮን የተባለ የማስመለስ ማስታገሻ 4 ሚሊግራም በፑሽ ተሰጣት፣ ከዚያ 10፡00 ላይ አንድ ሊትር ኖርማል ሳላይን ተሰቀለ፣ 11፡45 ላይ አለቀ። እኔ በኩራት 96360፣ 96361፣ 96375 ብየ ላክሁ። ስህተት። ሆስፒታል ስለሆነ ፑሹ ነው የመጀመሪያው፣ 96374፣ ፍሉዱ ሁለተኛ ስለሆነ 96360 ጭራሽ አይጠራም፣ ለ105 ደቂቃው 96361 ሁለት ጊዜ ይጻፋል። እኔ የጻፍኩት ሐኪም ቢሮ ውስጥ ዋናው ጉዳይዋ የውኃ ማነስ ቢሆን ኖሮ ነበር ልክ የሚሆነው። መድሃኒቱ ደግሞ ለብቻው በሂክፒክስ ጄ2405 ነው፣ የሚቆጠረው በአንድ ሚሊግራም ስለሆነ አራት ይባላል፣ ሳላይኗ ጄ7030 አንድ። ምርመራው በአይሲዲ ኢ86.0፣ የውኃ ማነስ ማለት ነው።

ይኸ የመድሃኒት አቆጣጠር ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ሴፍትሪአክሶን ጄ0696 የሚቆጠረው በ250 ሚሊግራም ነው፣ አንድ ግራም ከሰጠሽ አራት ነው። አንድ ቫያል (ብልቃጥ) ነው ብላችሁ አንድ ከጻፋችሁ የሩቡን ብቻ ነው የምትጠይቁት፣ ሆስፒታሉ ሦስት እጁን ከሰረ ማለት ነው። ከአንድ ሰው ቫያል የተረፈውንና የተደፋውን መድሃኒት ደግሞ ለሜዲኬር (የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን ነው) ጄደብልዩ በምትባል ሞዲፋየር፣ ኮዱ ጫፍ ላይ በምትለጠፍ ምልክት፣ አስታውቀው ያስከፍሉታል፣ ምንም ካልተደፋ ደግሞ ምንም አልተደፋም የምትል ጄዚ የምትባል አለች፣ እሷ ከሐምሌ 2023 ጀምሮ ግዴታ ሆናለች (በነሱ አቆጣጠር)። የደፋሁት ነገር አለ ብለሽ ተናዘዥ፣ ካልደፋሽም አልደፋሁም ብለሽ ማይ። ንስሐ አባት ፊት የቆምኩ ነው የመሰለኝ።

እሺ አሁን ወደ ማማረሬ። አንደኛ፣ ሰዓቱ። መለማመጃ ቻርቶቹ ላይ ያለው ሰዓት የፈረንጅ ነው፣ እኛ ደግሞ አንዱ ነርስ በሀበሻ አንዱ በፈረንጅ ሲጽፍ የኖርን ነን፣ መጀመሪያ ሳምንት ላይ 4፡00 ያለውን ጠዋት መስሎኝ ፍሉዱ አስራ ሁለት ሰዓት ሄደ ብየ ያልሰጠሁት ኮድ አልነበረም። ይኸን አንድ ሰው ቀድሞ ቢነግረን ምን ነበር።

ሁለተኛው ከበድ ይላል። መለማመጃ ወረቀቱ ላይ አንድ ጥያቄ ነበረች፣ ፍሉድ ከ2፡00 እስከ 2፡30 የሄደ። መልሱ ላይ 96360 ይላል። 30 ደቂቃ እኮ ነው! እራሳችሁ 31 ነው ብላችሁ አስተምራችሁኝ። ግሩፑ ላይ ጻፍኩ፣ አንድ ሰው መጥቶ «ሲስተር አንቺ ከአስተማሪው በላይ ነሽ» ብሎ ሳቀብኝ፣ ሌላው ልብ ምልክት ሰጠው። አስተማሪው ሁለት ቀን ዝም አለ። በሦስተኛው ቀን መልሱን ቀይሮ ወረቀቱን እንደ አዲስ ለጠፈው፣ ተሳስተን ነበር የሚል አንድ ቃል የለውም። እንግዲህ እኔ ስላየሁት ነው፣ ከኔ በፊት ያለፉት ዙሮች በዚያ ወረቀት ተምረው ነው የወጡት። ይኸ ነገር እዚያ አገር ቀልድ አይደለም፣ ያልሄደ ሰዓት ማስከፈል ኦዲት ሲመጣ ገንዘብ ያስመልሳል፣ ሲደጋገም ማጭበርበር ይባላል።

ሦስተኛ፣ መጽሐፉ። ሲፒቲ የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር ንብረት ነው፣ በየዓመቱ ጃንዋሪ 1 ይታደሳል፣ አይሲዲው ደግሞ ኦክቶበር 1። ለኛ የሰጡን የ2021 መጽሐፍ ስካን የተደረገ ፒዲኤፍ ነው፣ ያውም ገጹ የተጣመመ፣ አንዳንዱ ላይ የሰው አውራ ጣት ይታያል። ያ መጽሐፍ ሲታተም ጄዚ የምትባለዋ አልተወለደችም። ፈተናው ደግሞ መጽሐፍ ከፍታችሁ የምትሰሩት ነው፣ ኤኤፒሲ የሚባለው የአሜሪካ የኮደሮች ድርጅት የሚሰጠው ሲፒሲ የተባለው ማለቴ ነው፣ 100 ጥያቄ በ4 ሰዓት፣ ማለፊያው 70 በመቶ። ይዛችሁ የምትገቡት መጽሐፍ ወቅታዊ ካልሆነ ምን ዋጋ አለው። መጽሐፉን በዶላር እዘዙ ቢሉን ኖሮ ማን ይመዘገብ ነበር፣ ለዚህ ይመስለኛል ዝም ያሉት።

አራተኛው የዶላሩ ወሬ ነው። ሦስት ወር ተምራችሁ ሰርተፍኬት ሲሰጧችሁ ያ ሰርተፍኬት የማሰልጠኛው ነው፣ የኤኤፒሲ አይደለም። የኤኤፒሲውን ብታልፉም ልምድ ከሌላችሁ ከስማችሁ ጀርባ «ኤ» ትለጠፋለች፣ ጀማሪ ማለት ነው። ስራ የሚሰጠው ድርጅት ደግሞ የበሽተኛ መረጃ ነው የሚያስነካህ፣ ኔትህ አስተማማኝ መሆን አለበት። እኛ ጋ ነሐሴ 2015 ላይ የሞባይል ዳታ ጠፍቶ ስንት ጊዜ እንደቆየ የረሳ ሰው የለም፣ መብራቱንም ለቁጥር አልነግራችሁም። እኔ እስካሁን አንድ ዶላር አላየሁም። አንድ አብራኝ የተማረች ልጅ ባሕር ዳር ሆና ትንሽ የዳታ ስራ አግኝታለች፣ ኮዲንግ ግን አይደለም።

ታዲያ ለምን ያዋጣል አልኩ? ይኸውላችሁ። ኮርሱን ጨርሼ ብዙም ሳይቆይ እናቴ ታመመች። እሷ ገጠር ናት፣ ወረዳዋ ከተማ ላይ ያለ አንድ የግል ክሊኒክ ወስደዋት እኔ ስደርስ ግሉኮስ ተሰክቶላት ተኝታለች። እናታችሁ የጎጃም ሴት ከሆነች ታውቁታላችሁ፣ ግሉኮስ ካልተሰቀለላት ታከምኩ አትልም፣ ክኒን ብቻ ሰጥቶ የላካትን ሐኪም ለጎረቤት ሁሉ «አላየኝም» ብላ ነው የምታወራበት። ሆዷ ተረብሾ ነው እንጅ ትጠጣለች፣ አጠገቧ የአጥሚት ኩባያ ባዶውን ተቀምጧል። ለአሜሪካ ኢንሹራንስ ብትቀርብ በአፏ መጠጣት እየቻለች ለምን በደም ስር ተሰጣት ብሎ ነው የሚመልሰው። አስቡት፣ እዚያ ሆኜ ይኸን እያሰብኩ ነበር።

ግማሹ ሳይገባ «ይበቃኛል፣ ከብቶቹ አልገቡም» ብላ ተነሳች። ደረሰኙን ሳየው ግሉኮስ 2፣ መርፌ 3፣ ካኑላ ለብቻው፣ የግሉኮስ መስመር ለብቻው፣ የነርስ አገልግሎት ለብቻው፣ አልጋ እረፍት፣ ካርድ። ጠቅላላው 1,850 ብር። እናቴ ወረቀቱን እያየች «ይኸ ሁሉ ለውኃ ነው ልጀ?» አለችኝ። ሁለተኛዋ ባግ የት አለች ብየ ጠየቅሁ፣ ካሽ ላይ ያለችው ልጅ ነርሱን ጠራች፣ ነርሱ ደግሞ «መድሃኒት የበጠበጥንባት ናት» አለኝ። መበጥበጫዋን እንደ ሙሉ ግሉኮስ! ድሮ ቢሆን ያው የግል ክሊኒክ ነው ብየ ከፍየ እወጣ ነበር። ቻርቱን አሳየኝ ስለው የተሰቀለበት ሰዓት አለ፣ የተነቀለበት የለም። እኔም እንደዚያው ስጽፍ ስለኖርኩ ብዙ ለመናገር አፌ ከብዶኝ ነበር። በአሜሪካ ሕግ ክሊኒኩን ልከሰው አልችልም፣ እዚህ ካኑላን ለብቻ ማስከፈል ክልክል ነው የሚል ነገር አልነገርኩትም፣ የነሱ ሕግ የነሱ ነው። እንደ ግሉኮስ ያልሰጣችኋትን ባግ ከሂሳቡ አስወጡ ብቻ ነው ያልኩት። አስወጡ። በትህትና ነው ያደረጉት ደግሞ፣ ሐቁን መናገር አለብኝ።

ሌላም አለ። እኛ ሆስፒታል የጤና መድን ደብተር ይዞ የሚመጣው ታካሚ ብዙ ነው። ይኸ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት ወረዳዎች አንዱ የኛው የጎጃሙ ደቡብ አቸፈር ነበር፣ ዱርቤቴ አካባቢ ማለት ነው፣ ሩቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። የመድን ሰዎች መጥተው ቻርት ከክፍያ ጥያቄው ጋር ሲያመሳክሩ ሐኪሙ ያዘዘው (ኦርደር የምንለው) ኖሮ ነርስ መስጠቷን በምትፈርምበት ሺት ላይ ያልተፈረመ መድሃኒት ካገኙ ይቆርጡታል። ያኔ ለምን ይቆርጣሉ ብለን እንናደድ ነበር፣ ይኸን ምዕራፍ ከተማርኩ በኋላ ግን እኔም ብሆን እቆርጠዋለሁ። ያልተጻፈ አልተሰጠም ነው፣ እዚያም እዚህም።

ስለዚህ ነርስ፣ ጤና መኮንን፣ ፋርማሲ ላይ ያላችሁ፣ የመድን ክሌም (የክፍያ ጥያቄ) የምትሰሩ ከሆናችሁ ክፈሉበት፣ የአይቪው ምዕራፍ ስምንት ቪዲዮ ነው፣ ሦስት ጊዜ አይቸዋለሁ። ከሰባተኛው ቪዲዮ ጀምሮ ያለችውን፣ በሁለት ክንድ ሁለት ላይን ሲከፈት ሞዲፋየር 59 እንዴት እንደሚገባ የምታስረዳዋን፣ ቀስ ብላችሁ እዩዋት፣ ድምጹ ይቆራረጣል። አካውንቲንግ ወይ ሌላ ተምራችሁ ለዶላር ብቻ የምትመጡ ግን ብራችሁን ያዙት፣ ፍሉድ ከፑሽ ምን ለያየው እስክትሉ ሦስት ወሩ ያልቃል። ገንዘብ አይመልሱም፣ አንድ ልጅ በሁለተኛው ሳምንት አቋርጦ ሲጠይቅ ከግሩፑ አስወጡት።

ከመክፈላችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፦ የምትሰጡን መጽሐፍ የስንት ዓመት ነው፣ እና 30 ደቂቃ የሄደ ፍሉድ ኮዱ ስንት ነው። ለሁለተኛው 96360 ካሏችሁ ያንን ወረቀት ገና አላስተካከሉትም ማለት ነው። እኔ በበኩሌ አሁን ባጉ ላይ በማርከር ሁለት ሰዓት እጽፋለሁ፣ የገባችበትንና የወጣችበትን። ባለፈው ናይት ላይ አብራኝ የነበረችው ሲስተር አይታ «ለማን ነው ይኸን የምትጽፊው?» አለችኝ፣ ያቺን ባግ 7፡10 ላይ ነቅየ እየጻፍኩ ስለነበር አልመለስኩላትም።